ገበያ መካከል የሚነገር ምስጢር፦ ስለ ኤሊፕቲክ ኩርባ ምስጠራ አንዲት ተማሪ ያነሣቻቸው አራት ጥያቄዎች

(በጭሮ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች የተሰጠ ሕዝባዊ ትምህርታዊ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ንግግሬ ኤሊፕቲክ ኩርባ ስለሚባለው የሒሳብ ዘርፍና በእርሱ ላይ ስለ ቆመው የምስጠራ ጥበብ ነው። ስሙ ለጆሮ ይከብዳል፤ ነገሩ ግን በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ አለ። ስልካችን ከአንድ ድረ ገጽ ጋር በምስጢር ለመነጋገር ሲስማማ፣ በዋትስአፕ የጻፍነው መልእክት ከተቀባዩ በቀር ለማንም እንዳይነበብ ሆኖ ሲላክ፣ ከጀርባ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ሒሳብ ነው።

ርእሱ ለዚህች ከተማም እንግዳ ሊሆንባት አይገባም። አሰበ ተፈሪን የጨርጨር ማእከል አድርገው ያቋቋሟት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ የመድፈኛነት ትምህርት የተከታተሉ ሰው ነበሩ፤ የመድፍ ትምህርት ደግሞ ያለ ሒሳብ አንድ እርምጃ አይራመድም። ከሩቅ አገር የተማሩትን ወደዚህ ተራራማ ምድር አምጥቶ በሥራ ማዋል እዚህ የቆየ ልማድ ነው ማለት ይቻላል።

ንግግሬን የምመራው በአንዲት ተማሪ ማስታወሻ ደብተር ነው። ተማሪዋ የመመረቂያ ጽሑፏን በዚህ ርእስ ላይ ስታዘጋጅ ያልገባትን ነገር ሁሉ በየሳምንቱ በጥያቄ መልክ ትጽፍ ነበር። ስሟ እንዳይጠራ አደራ ብላ ደብተሩን እንድጠቀምበት ፈቅዳልኛለች። ከብዙዎቹ ጥያቄዎች አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሒሳብ ናቸው፤ ሦስተኛው የሒሳብም የፍልስፍናም ነው፤ አራተኛው ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነውን ሁላችንን የሚመለከት ነው።

ጥያቄ አንድ፦ «ኤሊፕስ ካልሆነ ለምን ኤሊፕቲክ ተባለ? ነጥብስ ከነጥብ ጋር እንዴት ይደመራል?»

ኤሊፕስ ማለት ሞላላ ክብ ነው። የዛሬው ኩርባችን ግን ሞላላ ክብ አይደለም። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ የሒሳብ ሊቃውንት የሞላላ ክብን ዙሪያ ርዝመት ለመለካት ሲሞክሩ በቀላሉ የማይፈቱ ኢንተግራሎች ገጠሟቸው፤ እነዚህም ኤሊፕቲክ ኢንተግራል ተባሉ። እነርሱን ሲያጠኑ ሌላ ዓይነት ፋንክሽን ተገኘ፤ ከዚያ ፋንክሽን ደግሞ ይህ ኩርባ ተወለደ። እንግዲህ እንደ አገራችን ልማድ ኩርባው በአያቱ ስም ይጠራል እንጂ መልኩ የአያቱ አይደለም።

የኩርባው እኩልታ ቀላል ነው። የአግድሙን ልኬት «ሀ»፣ የቁመቱን ልኬት «ለ» ብንል፣ ለዛሬ የመረጥኩት ኩርባ ይህ ነው፦

ለ² = ሀ³ + 2ሀ + 4

አሁን ወደ መደመሩ እንሂድ። በኩርባው ላይ ሁለት ነጥቦች ውሰዱ። በሁለቱም ላይ የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። መስመሩ ኩርባውን በሦስተኛ ነጥብ ላይ ያገኘዋል። ያንን ሦስተኛ ነጥብ በአግድሙ መስመር ማዶ፣ ውኃ ላይ እንደሚታይ ጥላ ገልብጡት። የተገኘው ነጥብ የሁለቱ ድምር ይባላል። አንድን ነጥብ ከራሱ ጋር ለመደመር ከፈለግን ደግሞ በዚያ ነጥብ ላይ ኩርባውን ነክቶ የሚያልፈውን መስመር እናሰምራለን።

ተማሪዋ ከጥያቄው ሥር «ለምን ይገለበጣል? ሦስተኛውን ነጥብ እንዳለ ብንወስደውስ?» የሚል ጽፋለች። ብዙ ተማሪ ይህን ሳይጠይቅ ያልፈዋል። ሳንገልብጥ ብንቀር ሦስት ነጥቦችን ስንደምር የትኞቹን ሁለቱን አስቀድመን እንደ ደመርን ውጤቱን ይለውጠዋል። ስንገለብጥ ግን ቅደም ተከተሉ ምንም ለውጥ አያመጣም። ኋላ እንደምናየው የምስጠራው ጥበብ ሁሉ በዚህ በቅደም ተከተል አለመለወጥ ላይ የቆመ ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። ሁለቱ ነጥቦች አንዱ ከሌላው በላይ በትክክል የተደረደሩ ከሆኑ መስመሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ሦስተኛ ነጥብ አያገኝም። በዚህ ጊዜ «ሩቅ ያለ ነጥብ» እንጨምራለን። ይህ ነጥብ በመደመር ጊዜ የዜሮን ሥራ ይሠራል፤ ማንኛውም ነጥብ ከእርሱ ጋር ቢደመር ራሱን ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ ሁለት፦ «በወረቀት ላይ ያማረ መስመር ነበር፤ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ለምን የተበተነ ነጥብ ሆነ?»

ኮምፒውተር ማለቂያ የሌላቸውን የነጥብ አሃዞች በትክክል መያዝ አይችልም፤ ምስጠራ ደግሞ «በግምት ትክክል» የሆነ ስሌት አይቀበልም። ስለዚህ ኩርባውን ከማያልቀው የቁጥር መስመር አውጥተን ውሱን ወደ ሆነ የቁጥር ዓለም እናስገባዋለን።

እኛ ኢትዮጵያውያን እንዲህ ያለውን ዓለም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ዓመታችን 13 ወር አለው። ከነሐሴ፣ ማለትም ከ12ኛው ወር ተነሥተን ሦስት ወር ብንቆጥር ጳጉሜን፣ መስከረም፣ ጥቅምት ብለን 2ኛው ወር ላይ እንደርሳለን። 12 ሲደመር 3 አሥራ አምስት ሳይሆን 2 ሆነ ማለት ነው። 13 በሞላ ቁጥር እንጥለዋለን፤ የምንይዘው ቀሪውን ብቻ ነው።

13 ሌላም ጸጋ አለው፤ ብቸኛ ቁጥር ነው። በዚህም ምክንያት በእርሱ ዓለም ከዜሮ በቀር በየትኛውም ቁጥር ማካፈል ይቻላል። ግማሽ ስንት ነው? 2 × 7 = 14፣ 13 ሲጣል 1 ይቀራል፤ ስለዚህ ግማሽ ማለት 7 ማለት ነው። 12 ወር ባለው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ግን ይህ አይሆንም፤ 2ን በምንም ብታባዙት 12 በ12 ስትጥሉ የሚቀረው ሁልጊዜ ተጋማሽ ስለሆነ 1 ላይ አይደርስም። በዚህ ጉዳይ ሒሳቡ ለእኛ አቆጣጠር ያደላል!

አሁን ብዕርና ወረቀት ላላችሁ አብረን እንሥራ። መነሻ ነጥባችን ሀ = 0፣ ለ = 2 ይሁን፤ ስሙንም «ነ» እንበለው። ለ² = 4 ነው፤ በሌላው ወገንም 0 + 0 + 4 = 4 ነው። ነጥቡ በኩርባው ላይ አለ። ነን ከራሱ ጋር እንደምረው። ኩርባውን ነክቶ የሚያልፈው መስመር ዝንባሌ (3 × 0² + 2) ሲካፈል ለ (2 × 2)፣ ማለትም 2 ለ4፣ ማለትም ግማሽ ነው። ግማሽ ደግሞ 7 ነው ብለናል። አዲሱ ሀ = 7² − 0 − 0 = 49፤ 39 ሲጣል 10። አዲሱ ለ = 7 × (0 − 10) − 2 = −72፤ 78 ሲጨመር 6። እንግዲህ 2ነ = (10፣ 6) ሆነ። እውነት ከኩርባው ላይ ነውን? 6² = 36፣ ቀሪው 10። 10³ + 2 × 10 + 4 = 1024፣ ቀሪው 10። ልክ ነው።

በዚሁ መንገድ ብትቀጥሉ 3ነ = (12፣ 1)፣ 4ነ = (2፣ 9)፣ 5ነ = (7፣ 6)፣ 8ነ = (8፣ 8)፣ 16ነ = (0፣ 11) ታገኛላችሁ። 17ነ ላይ ስትደርሱ ዜሮው ነጥብ ይመጣል፤ ከዚያ ዑደቱ እንደ ገና ይጀምራል። በዚህ ኩርባ ላይ ያሉት ነጥቦች ዜሮውን ጨምሮ 17 ብቻ ናቸው።

ተማሪዋ እዚህ ገጽ ላይ ያሰፈረችውን ልብ በሉ፦ «በወረቀት እስክሠራው ድረስ ከኮምፒውተሩ የሚመጣውን መልስ እንደ ጠንቋይ ቃል ነበር የምቀበለው።» እንዲህ ካሉ ሦስትና አራት ገጾች በኋላ ተማሪ ከተቀባይነት ወደ መርማሪነት ይሻገራል።

ጥያቄ ሦስት፦ «ኩርባው ይፋ፣ መነሻው ነጥብ ይፋ፣ ዘዴው ይፋ ከሆነ፣ ምስጢሩ የት አለ?»

በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የከብትና የግመል ገበያ ያየ ሰው አንድ ልማድ ያስታውሳል። ሻጭና ገዥ፣ ወይም ደላሎቻቸው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው በጨርቅ ይሸፍኑትና ዋጋውን በጣት ይነጋገራሉ። ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ ድርድር መኖሩን ያያል፤ ዋጋውን ግን አያውቅም። ዘዴው ግሩም ነው፤ አንድ ግዴታ ግን አለበት፤ ሁለቱ ሰዎች መገናኘትና መነካካት አለባቸው። የድሮ ምስጠራ ሁሉ እንዲሁ ነበር፤ ሁለት ወገኖች አስቀድመው ተገናኝተው ቁልፍ መለዋወጥ ነበረባቸው።

በ1976 እ.ኤ.አ. ዲፊና ሄልማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሌላ ጥያቄ አነሡ፦ ከዚህ በፊት ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች፣ ገበያው ሁሉ እየሰማ፣ ከገበያው ወዲያና ወዲህ ሆነው ጮክ ብለው እየተነጋገሩ በምስጢር ቁጥር ሊስማሙ ይችላሉን? መልሱ «አዎን» ሆኖ ተገኘ። ይህን መልስ በኤሊፕቲክ ኩርባ ላይ መሥራት እንደሚቻል በ1985 እ.ኤ.አ. ኒል ኮብሊትዝና ቪክተር ሚለር፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ አቀረቡ።

በእኛ ኩርባ እንመልከተው። አንዲት ነጋዴ በዴሳ፣ አንድ ነጋዴ ድሬዳዋ አሉ እንበል። የበዴሳዋ በልቧ 3ን ትመርጣለች፤ 3ነን፣ ማለትም (12፣ 1)ን፣ በይፋ ትልካለች። የድሬዳዋው በልቡ 5ን ይመርጣል፤ 5ነን፣ ማለትም (7፣ 6)ን፣ በይፋ ይልካል። እርሷ የተላከላትን ነጥብ ሦስት ጊዜ ትደምራለች፤ እርሱ የተላከለትን አምስት ጊዜ ይደምራል። ሦስት ጊዜ አምስትም አምስት ጊዜ ሦስትም 15 ነውና ሁለቱም 15ነ፣ ማለትም (10፣ 7) ላይ ይገናኛሉ። የቅደም ተከተሉ አለመለወጥ ያልኳችሁ ይህ ነው። (10፣ 7) በመስመሩ ላይ ፈጽሞ አልተላከም፤ ሁለቱ ግን ያውቁታል።

የሚሰማው ሰው ነን፣ (12፣ 1)ን፣ (7፣ 6)ን ያውቃል። ምስጢሩን ለማግኘት «ነ ስንት ጊዜ ቢደመር (12፣ 1) ይሆናል?» ብሎ መመለስ አለበት። በ17 ነጥቦች ይህ የሕፃን ጨዋታ ነው። በእውነተኛው ሥራ ግን፣ ለምሳሌ «ከርቭ 25519» በሚባለው በሰፊው በሚሠራበት ኩርባ ላይ፣ በ13 ፈንታ የምንጠቀምበት ብቸኛ ቁጥር 2 በ255 ጊዜ ተባዝቶ 19 ሲቀነስለት የሚገኘው ነው፤ 77 አሃዞች አሉት።

ልዩነቱን አስተውሉ። ወደ ፊት መሄድ ቀላል ነው። 16ነን ለማግኘት አሥራ አምስት ጊዜ መደመር አላስፈለገንም፤ 2ነ፣ 4ነ፣ 8ነ፣ 16ነ እያልን በአራት እርምጃ ደረስን። በእውነተኛው ኩርባም እንዲሁ በጥቂት መቶ እርምጃ ይደረሳል፤ ርካሽ ስልክ እንኳ ዐይን እስኪጠቀስ ይጨርሰዋል። ወደ ኋላ ለመመለስ ግን እስካሁን የታወቀው ከሁሉ የተሻለ ዘዴ 2 በ128 ጊዜ የተባዛውን ያህል እርምጃ ይፈልጋል። በየሰከንዱ አንድ ትሪሊዮን ሙከራ የሚያደርግ መሣሪያ ቢኖር ከ10 ቢሊዮን ቢሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

ስለዚህ የተማሪዋ ጥያቄ መልስ ይህ ነው፦ ምስጢሩ በዘዴው ውስጥ አይደለም፤ ነጋዴዋ በልቧ በያዘችው አንድ ቁጥር ውስጥ ብቻ ነው። ኦጉስት ኬርክሆፍስ የተባለ የቋንቋ ሊቅ በ1883 እ.ኤ.አ. ጥሩ የምስጠራ ሥርዓት ዘዴው በጠላት እጅ ቢወድቅም ሊጸና እንደሚገባ ጽፎ ነበር። ኤሊፕቲክ ኩርባ ይህን መመሪያ እስከ ጫፍ ያደርሰዋል።

እዚህ ላይ ለተማሪዎቼ ዘወትር የምናገረውን ልድገም። ወደ ኋላ መመለሱ ከባድ መሆኑን ያረጋገጠ የሒሳብ ማስረጃ የለም። ያለን ከ1985 ጀምሮ የዓለም ሊቃውንት በይፋ ሞክረውት አለመቻላቸው ነው። በሙከራው ደካማ ኩርባዎች ተለይተዋል፤ ለምሳሌ የነጥቦቹ ብዛት ከብቸኛው ቁጥር ጋር እኩል የሆነ ኩርባ በቀላሉ እንደሚሰበር በ1990ዎቹ መጨረሻ ታውቋል። የእኛ ኩርባ 17 ነጥብ በ13 ላይ ስላለው ከዚህ ጉድለት ነጻ ነው። ይህ ሁሉ የታወቀው ዘዴው ይፋ ስለሆነ ነው፤ ተደብቆ ቢሆን ኖሮ ጉድለቱን የሚያውቀው ሌባው ብቻ ይሆን ነበር።

ሁለት ነገሮች ልጨምር። አንደኛው መካከል ስለሚገባ ሐሰተኛ ደላላ ነው። የበዴሳዋ ነጋዴ «(7፣ 6) ከድሬዳዋ መጣ» ሲባል ላኪው በእርግጥ እርሱ መሆኑን በምን ታውቃለች? አንድ ተንኮለኛ መካከል ገብቶ ለእርሷ ድሬዳዋውን፣ ለእርሱ ደግሞ በዴሳዋን መስሎ ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ ፊርማ ያስፈልጋል።

የቀድሞ ነገሥታት ደብዳቤ ራስጌ ላይ የሚታየውን ማኅተም አስቡ። ማኅተሙን ሁሉ ያየዋል፤ ቀለበቱ ግን ከባለቤቱ ጋር ነው። ዲጂታል ፊርማም እንዲሁ ባለቤቱ ብቻ የሚያትመው፣ ማንም የሚመረምረው ነው። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለው። የንጉሥ ማኅተም በሁሉም ደብዳቤ ላይ አንድ ነው፤ ዲጂታል ፊርማ ግን ከመልእክቱ ጋር አብሮ ስለሚሰላ ከአንዱ ቆርጦ በሌላው ላይ መለጠፍ አይቻልም።

በዚህ የፊርማ ስሌት ውስጥ ለእያንዳንዱ ፊርማ አዲስ የዕጣ ቁጥር መመረጥ አለበት። በ2010 እ.ኤ.አ. የሶኒ ኩባንያ ፕሌይስቴሽን 3 የተባለው የጨዋታ መሣሪያ ፊርማ ለሁሉም አንድ ዓይነት የዕጣ ቁጥር ሲጠቀም እንደ ነበር መርማሪዎች አሳወቁ። ውጤቱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሚፈታው ሆነ፤ ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች፣ ሁለት እኩልታዎች። የኩባንያው የምስጢር ቁልፍ ወጣ። ኩርባው አልተሰበረም፤ የተሰበረው ጥንቃቄው ነበር።

ሁለተኛው ስለ መጠን ነው። ባለ 256 ቢት የኤሊፕቲክ ኩርባ ቁልፍ የሚሰጠውን ጥንካሬ ለማግኘት አርኤስኤ የተባለው ቀዳሚ ዘዴ 3072 ቢት ያህል ይፈልጋል። አዲስ አበባ መካከል ይህ ልዩነት ላይታይ ይችላል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት በተራራው ጥግ፣ በቆየ ስልክ ለሚሠራ ሰው ግን እያንዳንዱ የተቆጠበ ባይት ዋጋ አለው።

ጥያቄ አራት፦ «ይህ ሁሉ ለእናቴ ምን ይጠቅማታል?»

የተማሪዋ እናት በምዕራብ ሐረርጌ ገበያዎች ጫት ይነግዳሉ። ጫት የሰዓታት ዕድሜ ያለው ሸቀጥ ነው፤ ሲለቀም፣ ሲታሰር፣ ሲጫን፣ ገንዘቡም አብሮ መሮጥ አለበት። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በእንዲህ ያለ ንግድ ላይ የነበረ ብዙ ጥሬ ብር ወደ ስልክ ገብቷል። ሕጉም ተከትሏል፤ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል። በመጀመሪያው አዋጅ መሠረት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር የምስክር ወረቀት ሰጪዎች ሁሉ ሥር ነው፤ ማለትም «ይህ ይፋዊ ቁልፍ በእርግጥ የእገሌ ነው» የሚለው የምስክርነት ሰንሰለት የሚነሣው ከእርሱ ነው። ሐሰተኛው ደላላ የሚያዘው በዚህ ሰንሰለት ነው።

ተማሪዋ ይህን ሁሉ ለእናቷ በአፋን ኦሮሞ አስረዳች። እናትየው እስከ መጨረሻው አዳምጠው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «ቁልፉ የእኔ ብቻ ከሆነ፣ ስልኩን የሚከፍትልኝ የጎረቤት ልጅስ ምን ይባላል?»

ክቡራንና ክቡራት፣ እኔ በሙያዬ ከሰማኋቸው የደኅንነት ጥያቄዎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ማንበብ ያልተማረ ሰው፣ ወይም ስልኩ በማይናገርበት ቋንቋ የሚኖር ሰው፣ የምስጢር ቁጥሩን ለልጅ፣ ለጎረቤት፣ ለወኪል ይነግራል። ከዚያ በኋላ 77 አሃዝ ያለው ብቸኛ ቁጥር ምንም ሊረዳው አይችልም። ባለ አራት አሃዝ የምስጢር ቁጥር ሊሆን የሚችለው 10,000 ዓይነት ብቻ ነው። የሚጠብቀውም ሒሳብ አይደለም፤ ጥቂት ጊዜ ሲሳሳቱ የሚዘጋው ሥርዓትና የባለቤቱ አፍ ነው። ስልክ ደውሎ «ከባንክ ነው፣ የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚለው አጭበርባሪ ኩርባችንን አጥንቶ አያውቅም፤ ማጥናትም አያስፈልገውም።

ምስጠራ የማይጠብቀው ሌላም ነገር አለ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች፣ ከእነርሱም ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ማውጣት ችለው እንደ ነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ በወቅቱ ተገልጿል። የተሰበረ ምስጠራ አልነበረም ማለት ነው፤ «ይህ ሰው ይህን ያህል ገንዘብ አለውን?» የሚለው ተራ ቁጥጥር ግን አልሠራም። ጠንካራ ቁልፍ ደካማ ግድግዳን አያጸናም። እንደዚሁም ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ቴሌግራም ተራው ውይይቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጥረው ተጠቃሚው ራሱ የሚከፍተው «የምስጢር ውይይት» ብቻ ነው። ሒሳቡ መኖሩና እኛ ጋ እየሠራ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ታዲያ ለእናትየው ምን ይጠቅማቸዋል? መልሱ የሚገኘው በልጃቸው በኩል ነው እላለሁ። ፋይዳ የተባለው የዲጂታል መታወቂያችን የተገነባው ሞሲፕ በሚባል፣ የፕሮግራም ጽሑፉ ለሁሉ ክፍት በሆነ ሥርዓት ላይ ነው። ክፍት ነው ማለት ማንም ሊያነበው ይችላል ማለት ነው። «ይችላል» እና «አነበበው» ግን የተለያዩ ናቸው። ኬርክሆፍስ ዘዴው ይፋ ይሁን ሲል ይፋ የሆነውን የሚመረምር ሰው እንደሚኖር ታምኖ ነው። ከጭሮ፣ ከሂርና፣ ከገለምሶ፣ ከሚኤሶ የመጣ ተማሪ ያንን ጽሑፍ አንብቦ «እዚህ ላይ የዕጣ ቁጥሩ እንዴት ይመረጣል?» ብሎ ካልጠየቀ፣ ለእኛ ክፍቱም ዝጉም አንድ ነው። ማመን ብቻ ይቀረናል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚሠራ ሥራ አለ። የስልክ አገልግሎቶች በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛ፣ በሶማልኛ በድምፅ የሚያነጋግሩ ቢሆኑ፣ የጎረቤት ልጅ ሳይጠራ ነጋዴዋ ራሷ ክፍያዋን ብትፈጽም፣ ያ የደኅንነት ሥራ ነው፤ ከኩርባው ምርጫም አያንስም። ይህን የሚሠራው ሒሳቡንም ገበያውንም የሚያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ካልተገኘ ሌላ የት እንደምንፈልገው አላውቅም።

በመጨረሻ ለተማሪዎች አንድ ማስጠንቀቂያ። በ1994 እ.ኤ.አ. ፒተር ሾር በቂ ኃይል ያለው ኳንተም ኮምፒውተር ቢሠራ የኤሊፕቲክ ኩርባውን የኋሊት መንገድ በፍጥነት እንደሚያገኘው አሳይቷል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ዛሬ የለም፤ ዝግጅቱ ግን ተጀምሯል፤ የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ኳንተምን ይቋቋማሉ የተባሉ የመጀመሪያ የምስጠራ ደረጃዎችን አጽድቋል። እንግዲህ ዛሬ የተማራችሁት ኩርባ እናንተ በሥራ ላይ እያላችሁ ጡረታ ሊወጣ ይችላል። «ታዲያ ለምን እንማረዋለን?» እንዳትሉኝ። የሚተካውም ዘዴ ወደ ፊት ቀላል፣ ወደ ኋላ ከባድ በሆነ ስሌት ላይ የቆመ ነው። እርሱንም በ13 ወር ሒሳብ፣ በብዕርና በወረቀት አፍርሶ መሥራት የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ቀመሩን የሸመደደ ቀመሩ ሲሻር ባዶ እጁን ይቀራል፤ «ለምን ይገለበጣል?» ብሎ የጠየቀ ግን አዲሱንም ይጠይቀዋል።

ለቤት ሥራ ይህን እሰጣችኋለሁ፦ በእኛው ኩርባ ላይ 6ነንና 7ነን በእጃችሁ አስሉ፤ ሁለቱን ደምሩና መልሱ ከ13ነ ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። ማንም የነገራችሁን አትመኑ፤ እኔንም ጨምሮ። የዚህ ሒሳብ ክብሩ እንዲመረመር መፍቀዱ ነውና።